የትናንት ጤፍ፣ የነገ ካሬ ሜትር



ዛሬ የምናገረው ስለ ካሳ ነው። መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ የተወሰደበት ሰው ምን ሊከፈለው ይገባል? አዳማ ላይ ቆሞ ይህን ለሚጠይቅ ሰው ማስረጃው ሩቅ አይደለም። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው የፈጣን መንገድ በ2007 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ማሳ ሰንጥቆ ነው። ከሞጆ ተነስቶ ወደ ሐዋሳ የሚወርደው ሌላው መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ግድም ይሆናል፤ የሉሜን ጤፍ፣ የመቂንና የባቱን ሽንኩርትና ቲማቲም፣ የአርሲ ነገሌን ስንዴ እያቋረጠ ያልፋል። የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ በ2009 ተመረቀ። ሞጆ ደረቅ ወደብ አላት፤ አዳማ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ የገዳ ልዩ የኢኮኖሚ ዞን መጥቷል። ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ የታቀደው አውሮፕላን ማረፊያ ሲጠናቀቅ በዓመት 110 ሚሊዮን መንገደኛ ያስተናግዳል ተብሏል። ይህ ሁሉ አየር ላይ አይሠራም። አንድ ሰው ያርሰው የነበረ መሬት ላይ ነው የሚያርፈው።

መንገዱ ባይሠራ ይሻል ነበር የሚል ካለ እኔ አልስማማም። በመንገዱ መጥቼ ነው እዚህ የደረስኩት። ማንሳት የምፈልገው የሒሳቡን ነገር ነው፤ ሒሳቡ ደግሞ ረጅም ታሪክ አለው።

በ1943 ዓ.ም. የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተዋውሎ ወንጂ ላይ ሸንኮራ ሊተክል ሲመጣ፣ ያ የአዋሽ ዳር ሜዳ የጅሌ ኦሮሞ ከብት የሚውልበት ነበር። ፋብሪካው በ1946 ስኳር ማውጣት ጀመረ። በ1952 ደግሞ የቆቃ ግድብ ተመረቀና ከሸለቆው መሬት ሰፊውን ክፍል ውኃ ሸፈነው። ግድቡ የተሠራው ጣልያን ለወረራዋ በከፈለችው የጦር ካሳ ነው። ይህ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። አገር ከአገር ካሳ ጠይቃ፣ ተከራክራ፣ ተቀብላ ግድብ ሠራችበት፤ በዚያው ግድብ ከመሬቱ ለተነሳው ለጅሌ ግን ያን ያህል የተከራከረለት አልነበረም። ወደ መተሐራ ዝቅ ስንል የከብት አርቢዎቹ የከረዩ ታሪክም ተመሳሳይ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ በአንድ ወገን የሸንኮራ እርሻው፣ በሌላው ወገን የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ መጥተው ከረዩ በድርቅ ጊዜ ከብቱን የሚያወርድበትን የወንዝ ዳር ግጦሽ አጣ።

ሕግ ስላልነበረ ነው እንዳትሉ። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ተገቢ ካሳ ሳይከፈለው ማንም ንብረቱን እንዳይነጠቅ ደንግጎ ነበር። ቆቃ በተመረቀበት በዚያው በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ማስለቀቅ ከአንቀጽ 1460 ጀምሮ በዝርዝር ይናገራል፤ የካሳው መጠን ማስለቀቁ ካደረሰው እርግጠኛ ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት ይላል። ጥሩ ሕግ ነበር። ችግሩ ባለንብረት የሚለው ወረቀት ያለውን ሰው መሆኑ ላይ ነው። የጅሌ እረኛ ወረቀት አልነበረውም። ግጦሹ ላይ የሠራው ቤት፣ የቆፈረው ጉድጓድ፣ የተከለው ዛፍ ስለሌለ ገማች ቢላክም ቆጥሮ የሚጽፈው ነገር አያገኝም ነበር።

በየካቲት 1967 የገጠር መሬት፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም አለ። እንግዲህ መሬቱ የገበሬው ካልሆነ ለምኑ ነው ካሳ የሚከፈለው? አንቀጽ 40 መልስ አለው። ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ ባፈራው ንብረትና በመሬቱ ላይ ባደረገው ቋሚ መሻሻል ላይ ሙሉ መብት አለው፤ መንግሥት ንብረቱን ለሕዝብ ጥቅም ሲወስድ በቅድሚያ ተመጣጣኝ ካሳ ይከፍላል። አንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ሰዎች በገንዘብ ወይም በሌላ አማራጭ ማካካሻ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይጨምራል። ከእነዚህ አንቀጾች ውስጥ "በቅድሚያ" የምትለዋን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ከዚያ የስሌቱ ሕግ መጣ። በ1997 የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ እንዲከፈለው አዘዘ። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ይህን አሻሻለ፤ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው የአንድ ዓመት ገቢ ተወስዶ በ15 ይባዛል። መሻሻሉ ትልቅ ነው፣ ላሳንሰው አልፈልግም። ግን ቁጭ ብለን እናስላው። ለስሌት እንዲመቸን አንድ ሄክታር መሬት 20 ኩንታል ጤፍ ሰጠ እንበል፤ ኩንታሉን 6,000 ብር እናድርገው። ጭዱን ለጊዜው እንተወው፤ ከብት ያለው ሰው ግን ጭድ እንደማይተው ያውቃል። የዓመቱ ገቢ 120,000 ብር ይሆናል። በ15 ሲባዛ 1,800,000 ብር ነው። ሰውየው በሕይወቱ አይቶት የማያውቀው ገንዘብ! አንድ ሄክታር ደግሞ 10,000 ካሬ ሜትር ነው። ስናካፍለው ለካሬ ሜትር 180 ብር ይደርሳል። በድሮው አዋጅ፣ ያውም አማካዩን ትተን ይህንኑ ገቢ ብንወስድ፣ 120 ብር ይሆን ነበር።

ያንኑ ካሬ ሜትር ከተማው ሸንሽኖ፣ መንገድ ቆርጦለት፣ በሊዝ ጨረታ ሲያወጣው ዋጋው በሺዎች ብር ነው የሚጠራው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያከራክረው። 10 ይሁን 15፣ አንዳንዱ እንደሚለው 20 ይሁን እያልን ስንከራከር፣ የሚባዛው ነገር ራሱ ትናንት የበቀለ ጤፍ መሆኑን እንረሳለን። መሬቱ የሚገመተው ትናንት በሰጠው ነው፤ የሚፈለገው ነገ በሚሰጠው ምክንያት ነው። ብዜቱን የቱንም ያህል ብናሳድገው ይህ ክፍተት አይዘጋም፤ ምክንያቱም ከተማው በቀረበ ቁጥር የነገው ዋጋ ከጤፉ ዋጋ ፈጥኖ ይሮጣል።

ልዩነቱ ሁሉ የገበሬው ነው ብዬ አልከራከርም። መብራቱን፣ ውኃውን፣ አስፋልቱን ያመጣው ሕዝብ ነው፤ ከሊዝ የሚገኘውም ብር ተመልሶ ለመንገድና ለትምህርት ቤት ይውላል። ይህ እውነት ነው። ከልዩነቱ ለገበሬው ምንም አይገባውም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለእሱ ምክንያት ሲቀርብ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ምክንያቱን ያልሰማው ገበሬም ራሱ ያሰላል። በአዳማ ዳር ዳር፣ ቦኩ ሸነንን በመሰሉ ከተማውና እርሻው በሚገናኙባቸው ቀበሌዎች ያለውን ሰው ቦታ ላይ ሆናችሁ አስቡት። ከተማው እየመጣ መሆኑን ያያል። ዛሬ ካልሆነ ከሁለት ዓመት በኋላ ቀያሽ ይመጣል፣ የጤፉን ሒሳብ ይከፍለዋል። በሌላ ወገን ደላላ ማታ ማታ ይመጣል። ደላላው ካርታ አይጠይቅም፤ በገመድ ለክቶ 200 ካሬ፣ 150 ካሬ ይቆርጣል፤ ብሩን ጥሬውን ቆጥሮ ይሰጣል። ሽያጩ ሕገ ወጥ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ግን ደላላው የሚከፍለው በነገው ዋጋ ነው፣ ቢያንስ ወደ ነገው በሚጠጋ ዋጋ። በጨረቃ ብርሃን ተሠርቶ የሚያድረው ቤት፣ ጨረቃ ቤት የምንለው፣ ከዚህ ስሌት ነው የሚወለደው። ሕግ አስከባሪ በመላክ ብቻ ይቆማል ብዬ አላምንም፤ ሕጋዊው በር ከሕገ ወጡ በር ባነሰ ዋጋ እስከከፈለ ድረስ ሰው በሕገ ወጡ ይወጣል።

በመጨረሻ ሁሉም ይከስራል። ቤቱን የገዛው ብዙ ጊዜ የከተማው ኪራይ ያማረረው ሰው ነው፤ የባጃጅ ሹፌር፣ አስተማሪ፣ የቀን ሠራተኛ። ማፍረስ ሲመጣ ቆርቆሮውን ይዞ ጎዳና ላይ ይቀራል። ገበሬው የሸጠውን ብር ጨርሶታል፤ ያልሸጠውም መሬት የተጨማለቀ ቦታ ተብሎ ግመታው ይጓተታል። ከተማውም በፕላን የሚያለማው ባዶ መሬት ያጣል። ደላላው ግን የለም፤ ወደሚቀጥለው ቀበሌ ተሻግሯል።

አሁን ወደ "በቅድሚያ" ልመለስ። የካሳ ፍትሕ ግማሹ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው። ግመታው በአንድ ቀን ዋጋ ይሠራል፣ ክፍያው በሌላ ቀን ይደርሳል። በመካከሉ ምን ይሆናል? ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት ተገምቶ ከዚያ በኋላ የተከፈለ ሰው ያገኘው የብር ቁጥር አልተለወጠም፤ በብሩ የሚገዛው ብሎኬት፣ ቆርቆሮና ብረት ግን እጅጉን ተወደደበት። ሕጉ ለቤት የሚከፍለው ቤቱን መልሶ ለመሥራት የሚያስፈልገውን ወጪ ነው ይላል። ቤት የሚሠራው ደግሞ ብሩ በእጅ በገባበት ቀን ዋጋ ነው። ቀላል መፍትሔ አለ፤ ከተወሰነ ጊዜ ያለፈ ግመታ ይሰረዝና እንደገና ይገመት፣ ወይም ለዘገየው ጊዜ ወለድ ይታሰብ። ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳውን ቢያዘገይ ወለድ ይታሰብበት የለም ወይ?

በድሮው አዋጅ የባሰ ነገር ነበር። ካሳው አነሰኝ ብሎ ይግባኝ የሚል ሰው አቤቱታው የሚታይለት መሬቱን ያስረከበበትን ሰነድ አያይዞ ሲመጣ ነበር። ማለትም በመጀመሪያ ልቀቅ፣ ከዚያ ተከራከር። አጥሩ ፈርሶ፣ ማሳው ተደልድሎ ካለቀ በኋላ ስንት ዛፍ እንደነበረህ አስረዳ ስትባል በምን ታስረዳለህ?

ግመታውን ማን ይሠራዋል የሚለውም ያው ነው። ከተማ አስተዳደሩ መሬቱን ይወስዳል፤ ለረጅም ጊዜ ገማች ኮሚቴውንም ያቋቋመው እሱ ነው፤ መሬቱንም በሊዝ የሚያስተላልፈው እሱ ነው። ከኮሚቴው አባላት መካከል ቅን ሰዎች መኖራቸውን አልጠራጠርም። ቅንነታቸው ግን ግምቱን ለማሳነስ በሚገፋ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አዋጅ 1161 ይህን ተረድቶ ፈቃድ ያለው ገለልተኛ ገማች እንዲሠራው አስቀድሟል፤ ኮሚቴ የሚመጣው እንዲህ ያለ ተቋም ሲጠፋ ነው። ጥሩ ነው፤ ብቻ "ሲጠፋ" የምትለዋ ልማድ እንዳትሆን። በ2016 የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ 1336፣ ደግሞ ካሳ የመክፈሉን ኃላፊነት ወደ ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች አወረደው። የፌዴራል መንገዶች በወሰን ማስከበር ሲጓተቱ፣ የካሳውም ጥያቄ ሲያብጥ ስለቆየ ምክንያቱ ይገባኛል። ቀያሽ ባለፈ ማግስት ባሕር ዛፍ ችግኝ ደርድሮ፣ ጎጆ ቀልሶ የሚጠብቅ ሰው እንዳለም እዚህ ያለነው ሁላችን እናውቃለን። በቅርብ ያለ አስተዳደር ይህን ያጣራል። ነገር ግን ያ አስተዳደር አሁን ከፋይም ሆኗል። ከፋዩ፣ ወሳጁና አከራዩ አንድ ሲሆኑ ገማቹ ከእነሱ ውጭ መሆኑ ከመቼውም በላይ ያስፈልጋል።

ሰንጠረዥ የማይዘው ጉዳትም አለ። የፈጣን መንገዱ በአጥር የታጠረ ነው፤ መታጠርም አለበት። መንገዱ ማሳውን ለሁለት የከፈለበት ሰው አስፋልት ያረፈበትን መሬት ካሳ ይወስዳል። በሬዎቹን ይዞ ወዲያኛው ማሳ ለመድረስ እስከ መሻገሪያው ዞሮ የሚሄድበት ጊዜ ግን የትም አልተጻፈለትም። በተቃራኒው ከአዳማ በላይ ኮረብታው ላይ ያሉትን የነፋስ ተርባይኖች እዩ። የመጀመሪያው ምዕራፍ 51 ሜጋ ዋት፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት ነው፤ ገበሬው እስከ ግንዱ መሠረት ድረስ እያረሰ ይኖራል። ሁለቱም የሕዝብ ጥቅም ነው፤ በአንድ ስሌት ሊካሱ አይችሉም። የ1952ቱ ሕግ "እርግጠኛ ጉዳት" ሲል ይህን ለመያዝ ሰፊ ነበር።

ስለ ብሩ አወጣጥ ብዙ ይወራል። ካሳውን በመጠጥ ቤት ጨረሰው፣ ያረጀ አይሱዙ ገዝቶ ከሰረ ይባላል። እውነት የሆነበት ቤት አለ። ግን ዕድሜውን በሙሉ በየመኸሩ ጥቂት ጥቂት ሲያገኝ የኖረን ሰው በአንድ ቀን ሚሊዮን አስታቅፎ፣ ሥራውን ነጥቆ፣ ከዚያ አባካኝ ነው ማለት ግፍ ይመስለኛል። የመሬት ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስም አለ፤ ብሩ ሲመጣ የባንክ ደብተሩ ብዙ ጊዜ በባል ስም ብቻ ነው። ይህን ለማስተካከል አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። ደብተሩ ላይ የማይገኙት ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆች ናቸው፤ ጉልበታቸው ማሳው ውስጥ አለ፣ ስማቸው የለም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ለእኔ ዋናው መንገድ ድርሻ ነው። ጃፓንና ደቡብ ኮሪያ ከተሞቻቸውን ሲያሰፉ ብዙ ቦታ ላይ መሬቱን ገዝተው አላባረሩም። ባለመሬቶቹ መሬታቸውን በአንድነት ያዋጣሉ፤ ከዚያ ላይ ለመንገድና ለመናፈሻ ይቆረጣል፤ የቀረው ተሸንሽኖ፣ መንገድና ውኃ ገብቶለት ለየባለቤቱ ይመለሳል። የሚመለሰው ስፋቱ ያነሰ፣ ዋጋው ግን ከቀድሞው የበለጠ ነው። የሴኡል ጋንግናም፣ ዛሬ ውድ ከሚባሉት ሰፈሮች አንዱ፣ ከእርሻ ወደ ከተማ የተሻገረው በአብዛኛው እንዲህ ነው።

መንገዱ አልጋ በአልጋ እንዳልሆነም ልንገራችሁ። በሕንድ የአንድራ ፕራዴሽ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2015 አማራቫቲ የሚባል አዲስ ዋና ከተማ ሊገነባ ሲነሳ ገበሬዎች ከ33,000 ኤከር በላይ መሬት በፈቃዳቸው አዋጡ። በምላሹ የለማ ቦታና ለ10 ዓመት በየዓመቱ የሚከፈል ገንዘብ ቃል ተገባላቸው። በ2019 መንግሥት ተለወጠ፤ አዲሱ አስተዳደር ዋና ከተማውን ወደ ሌላ ቦታ እወስዳለሁ አለ፤ ግንባታው ቆመ። ገበሬዎቹ ለዓመታት በሰልፍና በፍርድ ቤት ከርመው፣ ሥራው እንደገና የተነሳው በ2024 የቀድሞው መሪ ተመልሶ ሲመረጥ ነው። ስለዚህ ድርሻ ሲባል የባለሥልጣን ቃል ብቻ ከሆነ ዋጋ የለውም። በስም የተመዘገበ ካርታ ወይም በስም የተመዘገበ አክሲዮን መሆን አለበት፤ የሰጠው ሹም ቢነሳ የማይነሳ።

የእኛ ሕግ በሩን ዘግቶ አልተቀመጠም። አዋጅ 1161 ባለይዞታው መሬቱን ራሱ ወይም ከሌሎች ጋር ተደራጅቶ ለማልማት ቅድሚያ ይሰጠዋል፤ ተነሺዎች ከኢንቨስትመንቱ አክሲዮን የሚያገኙበትንም መንገድ ያነሳል። የመጀመሪያው መብት ካፒታል ለሌለው ገበሬ ባዶ ነው፤ ባንክ የጤፍ ማሳ በዋስትና ይዞ በቀላሉ አያበድርም። ሁለተኛው ግን ሊሠራበት ይችላል። በአዳማና በሞጆ መካከል ባለው ዞን ውስጥ፣ በአቡሴራ ዙሪያ በሚበቅለው ከተማ ውስጥ፣ ከእያንዳንዱ ሄክታር ለተነሺው ቤተሰብ በስሙ ካርታ የወጣለት ጥቂት መቶ ካሬ ሜትር የንግድ ቦታ ቢመለስለት መንግሥት ከኪሱ ዛሬ የሚያወጣው ብር የለም። ገበሬውም ከደላላው ይልቅ ከከተማው ጋር መነጋገር ይጠቅመዋል። ለከብት አርቢው ለከረዩ ደግሞ የጤፍ ሒሳብ ጭራሽ አይሠራም፤ ለእሱ ካሳው ውኃና ግጦሽ ያለበት ሌላ መሬት ነው፣ ወይም መስኖው ላይ የራሱ ድርሻ።

ይህ እስኪሆን መጠበቅ የማይችሉ፣ የማስለቀቂያ ማስታወቂያ በእጃቸው ያለ ሰዎች ከመካከላችሁ እንዳሉ አውቃለሁ። ለእናንተ ጥቂት ነገር ልናገርና ለጥያቄ መድረኩን ልልቀቅ። አዋጅ 1161 ከመሬታችሁ ከመነሳታችሁ ቢያንስ 1 ዓመት አስቀድሞ ስለ ሥራው እንዲያማክሯችሁ ያዛል፤ ምክክሩ ተደርጎ እንደሆነ ቃለ ጉባኤውን ጠይቁ። ማሳውን፣ ዛፉን፣ ጉድጓዱን፣ አጥሩን ገማች ሳይመጣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ሽያጫችሁን የሚያሳይ ወረቀት፣ ከኅብረት ሥራ ማኅበርም ይሁን ከነጋዴ፣ የ3 ዓመቱን ሰብስቡ፤ ከፍተኛው ዓመት የሚለየው በዚያ ነው። በግምቱ ካልተስማማችሁ አቤት የምትሉበት ጊዜ 30 ቀን ነው፤ የሚቆጠረውም ደብዳቤው ከደረሳችሁበት ቀን ጀምሮ ነው። ስለዚህ ደብዳቤውን ስትቀበሉ የተቀበላችሁበትን ቀን ከፊርማችሁ አጠገብ ጻፉ፣ ቅጂውንም ሳትይዙ ከቢሮው አትውጡ።